ከደብተር ወደ ኮምፒውተር፦ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት መሪዎች የተሰናዳ መመሪያ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቀበሌውና በየገጠሩ መንደር የተቋቋሙት የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች በዚህ ዘመን አንድ ዐይነት ጥያቄ ሲደጋገምባቸው ይታያል፤ ይኸውም እስከ አሁን በወፍራም የሒሳብ መዝገብ፣ በካርኒና በየአባሉ የቁጠባ ደብተር ሲመራ የኖረውን ሥራ ወደ ኮምፒውተር እንዴት እናሻግረው የሚለው ነው። ሻጩ መጥቶ ስለ ሶፍትዌሩ ፍጥነት ይናገራል፤ ወጣቶቹ አባላት ይቸኩላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ዝም ይላሉ፤ ኮሚቴውም በመካከል ቆሞ በዋጋው ብቻ ተከራክሮ ይፈርማል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ገና ላልፈረሙት ነው። ማኅበር የሚጸናው አባላቱ በመዝገቡ ላይ ባላቸው እምነት ስለ ሆነ፣ መሣሪያው ከመገዛቱ አስቀድሞ ይህ እምነት ከአሮጌው መዝገብ ወደ አዲሱ የሚተላለፍበትን መንገድ ማሰናዳት ይገባል፤ ከዚህ በታች በተራ የተቆጠሩት ደረጃዎችም ሁሉ ለዚሁ ለአንድ ጉዳይ የቆሙ ናቸው። የእድር መሪዎችም ስለ ብድር የተነገረውን ትተው የቀረውን እንዳለ ሊሠሩበት ይችላሉ።

1. በመዝገብ ያልሰፈረውን ሥራ በጽሑፍ አስፍሩ

ሻጩን ከመጥራታችሁ በፊት ጸሐፊውን፣ ገንዘብ ያዡን፣ ሒሳብ ሹሙንና ከመሥራቾቹ አንድ ሁለት ሰው በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጡና፣ አንድ ብር ከአባሉ እጅ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ባንክ እስኪገባ ድረስ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቆጥረው፣ ማን እንደሚፈርምበትና ማን እንደሚመሰክርበት በተራ ጻፉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና የጥቂት ቀናት ትዕግሥት ብቻ ነው።

ይህን ስትጨርሱ በየትኛውም መተዳደሪያ ደንብ ያልተጻፈውን፣ ማኅበሩን ግን አቅፎ የያዘውን ልማድ ጠይቁ። ጉልት ተቀምጣ የምትነግድ እናት ቁጠባዋን በልጇ እጅ እንደምትልክና ጸሐፊው ልጁን በመልክ ስለሚያውቀው እንደሚቀበለው፣ ሐዘን የተቀመጠ ሰው የወሩን ቁጠባ ቢያሳልፍ ቅጣት እንደማይጻፍበት፣ ማንበብ የማይችል አባል ሲመጣ ሒሳቡ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ እንደሚነበብለት፣ ይህን ሁሉ አስፍሩ። ኮምፒውተር የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ያልተነገረው ሁሉ ሥርዓቱ በተተከለበት ዕለት ይቀራል፤ የሚያሳዝነውም ማንም ሰው «ይሻር» ብሎ ሳይወስን መቅረቱ ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ይህን ጥናት ለሻጩ ባለሙያ ትተው ነው። ባለሙያው ምንም ያህል ቅን ቢሆን የሚጠይቃችሁ መሣሪያው ሊመልስ የሚችለውን ነው፤ መሣሪያው የማይችለውን ልማዳችሁን ሊያነሣላችሁ የሚችለው ከራሳችሁ መካከል የኖረ ሰው ብቻ ነው።

2. ጉባኤውን ከማስወሰን አስቀድማችሁ አባላቱን አማክሩ

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ነገሩ በመጨረሻ ወደዚያ መቅረቡ አይቀርም። ይሁን እንጂ በብዙ ሰው ፊት እጅ ማስወጣት ምክር አይባልም፤ በእንዲህ ያለው ሸንጎ የሚናገረው መናገር የለመደው ነውና። ከጉባኤው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ አባላቱን በዐሥር በዐሥራ አምስት ሰው ከፍላችሁ፣ ሴቶቹን አንድ ጊዜ ለብቻቸው፣ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ የሚቀናቸውን በየቋንቋቸው አነጋግሩ። «ትስማማላችሁ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለዚህ መልሱ «እሺ» ነው። «በዚህ ነገር ምን ያሰጋችኋል?» በሉ፤ የሚነገረውንም ስም ሳትጠሩ በቃለ ጉባኤ ጻፉ። ይህ ቃለ ጉባኤ ኋላ ለሻጩ የምትሰጡት የመጀመሪያው ሰነድ ይሆናል።

3. የዘመን አቆጣጠሩንና የስም አጻጻፉን በሻጩ ፊት ፈትኑ

በሌላ አገር ልማድ የተሠራ ሶፍትዌር የሚሰናከለው ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ማሳያውን ስታዩ ሻጩ የመረጠውን ምሳሌ ትታችሁ የራሳችሁን አቅርቡለት።

ጥቅምት 25 ቀን የወሩን ቁጠባ የከፈለ አባል አስገቡ። ያ ዕለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 4 ስለሚሆን፣ መሣሪያው በራሱ ወር የሚቆጥር ከሆነ የጥቅምቱን ክፍያ ለሚቀጥለው ወር ይጽፈዋል፤ አባሉም ሳያጠፋ ባለ ዕዳ ይባላል። ቀጥላችሁ በጳጉሜን 3 ቀን የተሰጠ ብድር አስገቡና የመክፈያው ቀን በስንት ላይ እንደሚወድቅ ተመልከቱ፤ ዐሥራ ሦስተኛውን ወር ጭራሽ የማይቀበል መሣሪያ መኖሩን ያን ጊዜ ትረዳላችሁ። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ቀን መሆኑንም አትርሱ። ከዚሁ ጋር ወለድ በጳጉሜን ቀናት ይታሰብ አይታሰብ እንደ ሆነ ደንባችሁ ይወስን፤ በ60,000 ብር ብድር ላይ በዓመት 15 በመቶ ወለድ ቢታሰብ የአምስቱ ቀን ድርሻ 123 ብር ያህል ነውና፣ ይህን ውሳኔ በሩቅ ያለ ፕሮግራም ጸሐፊ ሊወስንላችሁ አይገባም። ሰዓቱንም እዩ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የከፈለ ሰው ደረሰኙ ላይ 15፡00 ተጽፎ ቢያገኝ በሙግት ጊዜ የሚጠቅመው ማስረጃ ግራ ያጋባዋል።

የስሙ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። የፊደላችን ሞክሼዎች ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ግን ልዩ ልዩ ምልክቶች ናቸው። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ብቻ ብትወስዱ የመጀመሪያው ፊደል በስድስት መንገድ፣ ሥ በሁለት፣ ሴ በሁለት ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለቱ ቃላት ተያይዘውም ተለያይተውም ስለሚጻፉ በጠቅላላው አርባ ስምንት ዐይነት አጻጻፍ ይሆናል፤ ይህም ጸሐፊዎቻችን የሚሳሳቱት ስሕተት ሳይጨመርበት ነው። መሣሪያው ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የማይፈልግ ከሆነ አንድ ሰው ሁለት ሒሳብ ይከፈትለታል፤ ቁጠባው በአንዱ፣ ብድሩ በሌላው ይገኛል። መድኃኒቱ ለየአባሉ የማይለወጥ መለያ ቁጥር መስጠት፣ በደብተሩም ገጽ ላይ ማተም ነው። የአያትን ስም የሚጽፉበት ቦታ መኖሩንም አረጋግጡ፤ አባትን «የቤተ ሰብ ስም» አድርጎ በእርሱ የሚደረድር መዝገብ የአንድን አባት ስም የተጋሩትን ባዕዳን ሁሉ ወንድማማች አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

4. ማስረጃው ከአባሉ እጅ አይውጣ

ሻጮች ዘወትር ከሚሰጡት ተስፋ አንዱ ወረቀት የሚባል ነገር እንደሚቀር ነው። የቁጠባውን ደብተር ግን አታስቀሩ። አባሉ በሣጥኑ ውስጥ የሚያኖረው፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ገንዘብ ያዡ የፈረመበት ደብተር በማኅበሩ ላይ ያለው መብት የሚታይ ምስክር ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ፣ መብራት ቢሄድ፣ ኮሚቴው ቢለወጥ እርሱ ይኖራል። አዲሱ ሥርዓት ደብተሩ ላይ የሚያትም ከሆነ መልካም፤ ካልሆነም በእጅ መጻፉ ይቀጥል።

በስልክ መቆጠብ ለሚፈልጉ መንገዱን ክፈቱ፤ ነገር ግን ብቸኛ በር አታድርጉት። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 የጀመረው ቴሌብር በ*127# ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም ይሠራል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በነሐሴ 2015 ኤም-ፔሳን ጀምሯል፤ ስለዚህ ዘመናዊ ስልክ የሌለው አባል እንዲቀር የሚያደርግ አፕሊኬሽን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሻጭ በቂ ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም። በዚህ ስፍራ ከሚሠሩት ስሕተቶች ዋናው «ለጊዜው» እየተባለ የአባላትን ቁጠባ በገንዘብ ያዡ የግል ቁጥር መቀበል ነው። ገንዘብ ያዡ ታማኝም ቢሆን፣ ሲታመም ወይም ሲሞት የማኅበሩ ገንዘብ ከግል ሀብቱ ጋር ይደባለቃልና ለወራሾቹም ለማኅበሩም መከራ ነው። በማኅበሩ ስም የድርጅት ሒሳብ ካልተከፈተ በስልክ መቀበልን አትጀምሩ።

አሁን ደግሞ ብዙ ኮሚቴዎች የማያስቡትን ልንገራችሁ። የአጭር መልእክት ማሳወቂያ የሚባለው ነገር፣ ገንዘብ በገባና በወጣ ቁጥር ወደ አባሉ ስልክ የሚላከው፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ጥቅም ብቻ ያለው ይመስላል። ነገር ግን ስልኩ የባል ሊሆን ይችላል፤ የልጅ ሊሆን ይችላል፤ ሲም ካርዱ በዘመድ ስም የወጣ ሊሆን ይችላል። ለክፉ ቀን በስውር የምትቆጥብ ሴት ለዓመታት የደበቀችው ቁጠባ በአንድ ምሽት መልእክት ሊገለጥባት ይችላል፤ በዚያ ቤት የሚከተለውን ነገር ማኅበሩ አያይም። ስለዚህ ማሳወቂያው ለሁሉ እንዲላክ አድርጋችሁ አትክፈቱት፤ እያንዳንዱን አባል ለብቻ «መልእክት ይላክልህ? በየትኛው ቁጥር? ስልኩን ሌላ ማን ያያል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በቅጹ ላይ አስፈርሙ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብና እንዲጠበቅ ስለሚያዝ፣ ይህ ጥንቃቄ ከርኅራኄም አልፎ የሕግ ግዴታ ነው። ለቁጠባና ለብድር የማያስፈልግ መረጃ፣ ለምሳሌ የሃይማኖት ወይም የብሔር ጥያቄ በቅጹ ላይ ካገኛችሁ አስወጡት፤ ያልተሰበሰበ መረጃ ሊሰረቅ አይችልም።

5. ቅጣትና ምሕረት በሰው ሥልጣን ይቆዩ

በእኔ አስተያየት ከደረጃዎቹ ሁሉ ይህ ይከብዳል። ሶፍትዌሩ ቀኑ ባለፈ ማግስት ቅጣት አስቦ በአባሉ ሒሳብ ላይ ይጽፋል፤ ይህንም ሻጩ እንደ ትልቅ ምግባር ያቀርበዋል፤ አድልዎ የለበትምና። እውነት ነው፣ ፊት አይቶ የሚምር ኮሚቴ ማኅበርን ያፈርሳል። ነገር ግን አራስ ቤት ያለች ሴት፣ ሆስፒታል የተኛ አባወራ፣ በሬው የሞተበት ገበሬና ጠጥቶ የረሳ ሰው በአንድ ቀን በአንድ መጠን የሚቀጡበት ማኅበር፣ አድልዎን ሸሽቶ ፍርደ ገምድልነት ውስጥ ይገባል። ርትዕ የሚገኘው ደንቡ ተጽፎ፣ ምክንያቱ ተሰምቶ፣ ውሳኔው ሲገለጥ ነው።

በሥራ ሲተረጐም እንዲህ ይሁን። መሣሪያው ቅጣቱን «ተገባ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «ይታይ» ብሎ በዝርዝር እንዲያቀርብ አሠሩት፤ ዝርዝሩን የብድር ኮሚቴው በየወሩ ተሰብስቦ ይይ፤ የምሕረት ምክንያቶች የትኞቹ እንደ ሆኑ ደንቡ አስቀድሞ ይወስን፤ ምሕረት የተደረገለት ሰው ምክንያትም በመዝገቡ ላይ በአጭር ቃል፣ የማረውም ኮሚቴ ስም ከጎኑ ይጻፍ። እንዲህ ከሆነ የቁጥጥር ኮሚቴው በዓመቱ መጨረሻ ምሕረቱ ለወዳጅ ብቻ የተሰጠ መሆን አለመሆኑን ሊመረምር ይችላል። ሻጩ «ሥርዓቱ ይህን አይፈቅድም» ቢላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ብድርን የሚመለከተው ውሳኔም በዚሁ ይመራ። መሣሪያው የአባሉን የቁጠባ ታሪክ አስልቶ ነጥብ ቢሰጥ ነጥቡ ለኮሚቴው አንድ ምስክር ነው እንጂ ፈራጅ አይደለም፤ የተከለከለ ሰውም ስለ ምን እንደ ተከለከለ በሚገባው ቋንቋ ከሰው አፍ የመስማት መብት ይኑረው።

6. መዝገብ ያዡን ከሁሉ አስቀድማችሁ አሠልጥኑ

ሃያ ዓመት መዝገብ የያዘው ጸሐፊ አዲሱ ነገር እንጀራውን የሚወስድበት ከመሰለው፣ በግልጽ ባይቃወም እንኳ በዝምታ ያሰናክለዋል፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ስለዚህ ከግዢው በፊት ደመወዙ ወይም አበሉ እንደማይነካ በጽሑፍ አረጋግጡለት፤ የመጀመሪያው ሠልጣኝም እርሱ ይሁን፤ ወጣቱ ኮምፒውተር ዐዋቂ የእርሱ ረዳት ይሁን እንጂ አለቃው አይሁን። ጣቱ ቢዘገይም የትኛው ቁጥር እንግዳ እንደ ሆነ በዐይኑ የሚለየው እርሱ ነው።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የምስጢር ቃል ይሰጠው፤ አንዱ በሌላው ስም እንዳይሠራ አጥብቃችሁ ከልክሉ፤ ገንዘብ የሚቀበለው ሰውና ብድር የሚያጸድቀው ሰው አንድ አይሁኑ። የቀድሞው ሒሳብ ሹም ሲሳሳት በቀይ ቀለም ሰርዞ ይፈርምበት ነበር እንጂ አይፍቀውም ነበር፤ ሶፍትዌሩም እንደዚሁ የተሰረዘውን እያሳየ የሚያርም ይሁን።

7. የመነሻ ሒሳቡን በባለቤቱ ፊት አንብቡ፤ ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አስኪዱ

የበጀት ዓመቱ በሰኔ 30 ስለሚዘጋ ያ ዕለት ለመሸጋገሪያ ይመቻል። የተዘጋው ሒሳብ በኦዲተር ከታየ በኋላ እያንዳንዱ አባል ደብተሩን ይዞ መጥቶ፣ ቁጠባውና ዕዳው ከኮምፒውተሩ ጋር እየተያየ ይነበብለት፤ ከተስማማ ይፈርም፤ መጻፍ ለማይችለው የጣት አሻራ ይበቃል። ልዩነት የተገኘበት ሒሳብ ለብቻ ይቀመጥ፤ እስኪጣራ ድረስ ወደ አዲሱ መዝገብ አይግባ። አሮጌው ስሕተት አንዴ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ «ማሽኑ ነው ያለው» የሚባል ግርማ ይላበሳልና ኋላ ለማረም አስቸጋሪ ነው። የዚህ ንባብ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ቀናትንም ይወስዳል፤ ኮሚቴዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀሩትም ይህን ነው፤ ኋላ የሚነሣው ክርክር አብዛኛው ከዚሁ የሚመነጭ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ጳጉሜንን ጨምሮ፣ ወረቀቱና ኮምፒውተሩ አብረው ይሂዱ፤ በየሳምንቱም ድምሩ ይመሳከር። በገጠር ላላችሁት ይህ ወቅት ሁለት ጥቅም አለው፤ ቁጠባ የሚቀንስበት ስለ ሆነ ሥራው አይበዛም፤ ምርት ተሸጦ ገንዘብ በብዛት የሚገባበት ወራትም ከመድረሱ በፊት መሣሪያው ይፈተናል። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም ባለ ቅጂ ካርኒ ከገንዘብ መቀበያው መስኮት አይራቅ። የመረጃው ቅጂ ሦስት ይሁን፤ ሁለቱ በተለያየ ዐይነት ማኖሪያ፣ አንዱም ከቢሮው ውጭ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ፤ በወር አንድ ጊዜም ቅጂው በእርግጥ የሚከፈት መሆኑን ሞክሩ።

8. መውጫውን በውሉ ውስጥ አስገቡ

ውሉ አባላቱ በሚያነቡት ቋንቋ ይጻፍ። መረጃው የማኅበሩ መሆኑን፣ ማኅበሩ በፈለገ ጊዜ ሁሉንም በተራ ሠንጠረዥ መልክ አውጥቶ ለመውሰድ የሚችል መሆኑን፣ የሻጩ ድርጅት ቢዘጋ ወይም ዓመታዊ ክፍያውን ቢጨምር ምን እንደሚደረግ፣ ብልሽት ሲነገረው በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚመልስ በግልጽ ይስፈር። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ዝቅ ብሎ የሁለተኛው ከፍ የሚልበት ውል ብዙ ነው፤ የሦስት ዓመቱን ድምር አስልታችሁ አወዳድሩ።

ከሁሉ በላይ የስድስት ወር የመመርመሪያ አንቀጽ ይኑር። በስድስተኛው ወር በደረጃ ሁለት ያነጋገራችኋቸውን ቡድኖች መልሳችሁ ሰብስቡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በመስኮቱ ላይ የምትቆሙበት ጊዜ አጠረ ወይስ ረዘመ? ሒሳባችሁን ሌላ ሰው ሳትለምኑ ታውቃላችሁ ወይ? መምጣት የተወ አባል አለ ወይ፣ ካለስ ስለ ምን? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከመሣሪያው ሪፖርት ውስጥ አይገኝም፤ ወደ ቤቱ ሰው ልካችሁ ጠይቁ። መልሶቹ የከፉ ሆነው ሻጩ በተወሰነ ጊዜ ካላረመ፣ ማኅበሩ ያለ ቅጣት ውሉን አፍርሶ መረጃውን ይዞ እንዲወጣ የሚፈቅደው አንቀጽ ከፊርማው በፊት ይጻፍ፤ ከተፈረመና ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ይህን የሚቀበላችሁ ሻጭ አታገኙም።